ፋይል ውስጥ የተገኘ ሽፋሽፍት

እናትዓለም ደሞዝ በእናቷ ቀብር ላይ አላለቀሰችም። ለቀስተኛው ሁሉ አይቷታል፤ ያላየም ካየው ሰምቶ ላልሰማው አድርሷል። አለማልቀሷ ብቻውን ቢሆን ምናልባት ይረሳ ነበር። የትውልድ ከተማዋ ቆላ ድባ ያልረሳው ሌላውን ነው።

አልቃሿ የእማሆይ ወለተ ሩፋኤልን ደግነት፣ ጾማቸውንና ጸሎታቸውን እያነሣች ሰውን ስታስለቅስ ቆየችና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ዘጠና ዓመት ኖረሽስ ማን ጠገበሽ!» አለች። ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ወይኔ!» ሲል ከሬሳው ራስጌ ቆማ የነበረችው የሟች ልጅ ጎንበስ ብላ በአልቃሿ ጆሮ አንድ ነገር ተናገረች።

አልቃሿ አልገባትም። «ምን አልሽኝ እቴ?»

«ሰማንያ አንድ ነው።»

«ምኑ?»

«ዕድሜዋ። ዘጠና አልሞላትም። ራሴ አስልቼዋለሁ።»

ሙሾው ቀጥ አለ። ደረቱን እየደቃ የነበረው ታላቅ ወንድሟ አንዳርጋቸው፣ በቆላ ድባ ገበያ እህል የሚነግደው፣ እጁን አወረደ። መጀመሪያ አልቃሿን፣ ከዚያ እህቱን አየ። «እናትሽ ናት እኮ!» አላት አገር እየሰማ። «ፋይል አይደለችም!»

ከዚያ ቀን በኋላ ስልክ አልደወለላትም። ስትደውልለትም አላነሣም።

እናትዓለም ይህን ያደረገችው ልቧ ደንድኖ አልነበረም። ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ኃላፊ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረችው መዝገብ አያያዝ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችውም ይኸንኑ ነው። በእሷ መዝገብ ቤት ቀን የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ አይደለም፣ ማኅተም ቢያርፍበትም፣ ሦስት ፊርማ ቢረማመድበትም። አንድ ዓመት የኮሌጁ ዲን ለመላው ሠራተኛ የጻፉትን የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት «ቁጥር የለውም» ብላ መልሳባቸዋለች። ዲኑ ቁጥር አሰጥተው መልሰው ላኩት። በዓሉ ግን በመሐል አልፎ ነበር።

ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ካለው ቤቷ ጎረቤቶቿ ለቅሶ ሊደርሱ ሲመጡም ያገኟት ከበር ላይ ቆማ የእድሩን ወንበሮች ስትቆጥር ነው። «አርባ ተብሎ ተጽፏል፤ የመጣው ሠላሳ ስምንት ነው» እያለች ከዕቃ ያዡ ጋር ትከራከራለች። የእድሩ የሴቶች ተወካይ ወይዘሮ ብሥራት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ለማልቀስ ተዘጋጅታ የመጣች ሴት ናት። ግማሽ ሰዓት ተቀምጣ ጠበቀች። የሚያስለቅስ ነገር ሲጠፋ ተነሥታ ወጣች፤ በሩ ላይም ለጓደኞቿ «እናቷ ሞተችባት ወይስ ዕቃ ተረከበች?» አለቻቸው።

ያ በጥር ነው። ሽፋሽፍቷ መጥፋቱ የታየው በሚያዝያ ነው፤ መጀመሪያ ያየችውም እሷ አይደለችም። ያየችው ከእሷ ጋር አንድ ክፍል የምትሠራው ፀደንያ ናት። ፀደንያ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ የሠራተኛውን ደብዳቤ ትተይባለች፤ በራሷ ሽፋሽፍት ላይ ሌላ ሽፋሽፍት፣ በዚያም ላይ ሌላ አስተክላለች። ዓይኗን ስትከድን ነፋስ ይሰማል እያሉ ያሙአታል። ስለ ሽፋሽፍት ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ በኮሌጁ አልነበረም።

«እትዬ» አለቻት አንድ ጠዋት፣ «ሽፋሽፍትሽ የት ሄደ?»

«የት ይሄዳል?»

«እኔ ምን አውቄ! የግራው የለም።»

እናትዓለም መጸዳጃ ቤት ገብታ በመስታወት አየች። እውነት ነበር። የግራ ዓይኗ ጣና ዳር እንደሚሸጥ ዓሣ ዓይን ተገላልጦ ቀርቷል። ሌላ ሴት ብትሆን ትጮህ ነበር። እሷ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ አዲስ ደብተር አወጣችና ጻፈች፦ «ሚያዝያ 9። የግራ ዓይን፣ የላይኛው ቆብ፦ አራት ቀርቷል። የቀኝ፦ መሳሳት ይታይበታል። ምክንያት፦ አልታወቀም።»

ምክንያቱ ለእሷ አልታወቀ እንጂ ለግሽ አባይ ወዲያው ታውቋል። ወሬው ከፀደንያ ተነሥቶ በሦስት ቀን ወይዘሮ ብሥራት ዘንድ ደረሰ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወይዘሮ ብሥራት ሳትጠራ መጣች። ሳትቀመጥም የእናትዓለምን አገጭ ይዛ ፊቷን ወደ ብርሃን አዞረችና ደረቷን መታች።

«ብዬ ነበር! ብዬ ነበር! ተደብቃ ነው ስታለቅስ የከረመችው!» እንዲህ ብላ አታውቅም። «እንባው ነው የበላው። እንባ ጨው አይደለም እንዴ? የብረት በር እንኳ ይበላል!»

«አላለቀስሁም፣ ወይዘሮ ብሥራት።»

«አዎን፣ አዎን። አላለቀስሽም።» ዓይኗን ጠቀሰቻት። «እኔም ባሌ ሲሞት አላለቀስሁም።»

ከዚያ በኋላ ስትክድ እንደማመን፣ ዝም ስትል እንደማመን ተቆጠረላት። ኀዘንተኛ ቤት ስትገባ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ይለቀቅላት ጀመር። ሁለት አማቶች ምራቶቻቸውን ይዘው መጥተው ዓይኗን አሳዩአቸው፤ እናት ስትሞት እንዴት እንደሚታዘን ይማሩ ብለው ነው። አንዷ ምራት አጎንብሳ አየችና «ያማል?» ብላ ጠየቀች፤ አማቷ በክርኗ ጎሰመቻት። መሥሪያ ቤቷም ጠዋት ብታረፍድ እንደማይጠይቃት በቃል አሳወቃት። አርፍዳ የማታውቀው እናትዓለም ግን ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁንልኝ አለች።

ይህ ሁሉ ሊሳቅበት ይችል ነበር፤ በነሐሴ አንዳርጋቸው ባይደውል።

«ሰማሁ» አላት።

ሰባት ወር ያልሰማችው ድምፅ ነበር። «ምን ሰማህ ወንድምዓለም?»

«ዓይንሽን። ብቻሽን ስትቃጠዪ መክረምሽን። እኔ ምን አውቄ! ሰው ፊት አዋረድሁሽ።» ጉሮሮውን ጠረገ። «በሙት ዓመቷ፣ ያው ሰው በተሰበሰበበት፣ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። እህቴ ለእናቷ ስታለቅስ ዓይኗን ጨረሰች ብዬ እናገራለሁ። ትመጫለሽ አይደል?»

ያኔ መናገር ነበረባት። አንድም እንባ አልወጣኝም፣ የተሳሳተ መረጃ ነው የደረሰህ ማለት ነበረባት። በዓለም ላይ የቀራት አንድ የእናቷ ልጅ ግን በስልኩ ወዲያኛው ጫፍ አፍንጫውን እየጠረገ ነበር። «እሺ ወንድምዓለም፣ እመጣለሁ» አለች። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዋ ሐሰት መሆኑን እያወቀች ያሳለፈችው የመጀመሪያው መዝገብ ይኸ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነሣት። ወንድሟን ያገኘችው ባላፈሰሰችው እንባ ነው። እስከ ጥር የሽፋሽፍቷን እውነተኛ ምክንያት አግኝታ ልትነግረው ይገባል፤ ስትነግረው ደግሞ መልሳ ታጣዋለች።

መድኃኒት ያልነገራት ሰው የለም። ወይዘሮ ብሥራት የጉሎ ዘይት አመጣችላት፤ ሦስት ሳምንት ተቀባችው፤ ትራሷ ብቻ ወዛ። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ በነጭ ሽንኩርት እሸው አላት፤ እሱ ራሱ መላጣ ነበረና ምክሩን ከደብተር አላስገባችውም። በመጨረሻ ፀደንያ እጇን ይዛ ፋሲሎ ሰፈር ወደሚገኝ የውበት ሳሎን ወሰደቻት።

የሳሎኗ ልጅ ዜማ ትባላለች። አስተኝታት በላይዋ አጎነበሰችና «ክላሲክ ይሁን ቮልዩም?» አለቻት።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ክላሲክ ያንቺ ይመስላል። ቮልዩም ያንቺ እንዳልሆነ እያወቁ ዝም ይሉሻል።»

«ያለኝን የሚመስል ይሁን።»

«ያለሽ እኮ የለም፣ እናቴ» አለች ዜማ።

ፀደንያ በመሐል ገብታ ቮልዩም አዘዘችላት። በማግስቱ የእድር ስብሰባ ነበር። እናትዓለም በጥቁር የኀዘን ልብሷ ላይ ሁለት ማራገቢያ የሚያህል ሽፋሽፍት ይዛ ገባች። ወይዘሮ ብሥራት የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠችና «ዓመት ሳይሞላት!» አለች በሹክሹክታ፣ ሹክሹክታው ግን ከአዳራሹ ውጪ ይሰማል። ለሁለት ቀን የእናትዓለም ስም ተመልሶ ከጥር ስሟ በታች ወረደ። በሦስተኛው ቀን ሙጫው ዓይኗን አሳበጠው፣ አሳከካት፤ በአምስተኛው ቀን ተተኪው ከቀረው ከዋናው አብዛኛውን ይዞ ረገፈ። ወይዘሮ ብሥራት ያበጠውን ዓይን አይታ «እማሆይ ተቆጥተዋት ነው» ብላ ይቅር አለቻት።

በደብተሩ ላይ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ጥቅምት 17። የግራ፦ የለም። የቀኝ፦ ስድስት። ሙጫ፦ ምክንያቱ አይደለም፤ ተባባሪ ነው።»

ከዚያ ወዲያ በጣና ዳር መንገድ ወደ ቤቷ መሄድ ተወች። አመሻሽ ላይ ከሐይቁ የሚነሣው ትንኝ እየበረረ ገብቶ ዓይኗ ውስጥ ይሰጥማል፤ የሚመልሰው አጥር የለም። በኅዳር ዓይን ክሊኒክ ሄደች።

ተቀባይዋ ነርስ ፊቷን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ «ወረንጦ ይጠቀማሉ?» አለቻት።

«ምን አልሽ?»

«ወረንጦ። የዓይንዎን ፀጉር ይነቅላሉ ወይ?»

እናትዓለም ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ወረንጦ የሚይዙት ትራኮማ ቆባቸውን ቀልብሶ ፀጉሩ ወደ ውስጥ እየበቀለ የሚወጋቸው የገጠር ሴቶች ናቸው። «ባለዲግሪ ነኝ» አለች።

«ቅጹ ላይ ስላለ ነው።»

«ቅጹ ላይ ካለ ጥሩ። አልነቅልም ብለሽ ጻፊ።»

ነርሷ ጻፈች።

ዶክተር ቃለ ሕይወት ወጣት ነው፤ እጁ ቀስ ይላል። ቆቧን ገልብጦ አየ፣ ባትሪ አበራ፣ አጉልቶ በሚያሳየው መሣሪያ ተመለከተ፣ ደም ወስዶ አስመረመረ። በሳምንቱ ስትመለስ ወረቀቱን ፊቷ ዘረጋላት። «ጠባሳ የለም፤ ትራኮማ አይደለም። የቆቡ ጠርዝ አልቆሰለም። የሙጫው እብጠት ድኗል። የእንቅርት ዕጢውም ደኅና ነው፤ እሱም ሲታመም ፀጉር ያረግፋል። ቆዳዎም ንጹሕ ነው።»

«እንግዲያው ምን ሆኖ ይረግፋል?»

«አይረግፍም። በራሱ የሚረግፍ ፀጉር እንዲህ አይደለም። የእርስዎ አንዱ አጭር፣ አንዱ ገና ብቅ እያለ ያለ፣ አንዱ ከመሐሉ የተሰበረ ነው። ይኸ የተነቀለ ነው።»

«ማን ይነቅለዋል?»

ዶክተሩ እስክርቢቶውን ዘጋ። «ብዙ ጊዜ ባለቤቱ።»

«እኔ? ታዲያ አላውቀውም?»

«ብዙ ሰው አያውቀውም። ሲያነቡ፣ ሲያስቡ እጅ በራሱ ይሄዳል። ኀዘን ነበረብዎ?»

«ነበረብኝ። ግን አላለቀስሁም።» ይህን ስትል ትራኮማ እንደሌለባት ያህል እርግጠኛ ነበረች።

«አልቅሰዋል አላልሁም» አለ ዶክተሩ። «ካልተነካ በሁለት በሦስት ወር ተመልሶ ይበቅላል። ለአንድ ሳምንት ግን የት የት እንደሚወድቅ ይከታተሉና ይመዝግቡ።»

እንዲህ ያለ ደስ የሚል የሐኪም ትእዛዝ ደርሷት አያውቅም። ትራሷን በነጭ ጨርቅ ሸፈነች፤ ምንም። የፊት መታጠቢያ ሳፋው ውስጥ፣ ማበጠሪያው ላይ፣ ነጠላዋ ላይ ምንም የለም። በስድስተኛው ቀን ለዶክተሩ የሚሰጥ የተቃውሞ ማመልከቻ በልቧ እየጻፈች ሳለ፣ ለሰው ኃይል ክፍል ልካው የነበረ የአንድ ጡረተኛ መምህር ፋይል ተመለሰላት። ማስታወሻ ተያይዞበታል፦ «በገጽ 14 እና 15 መካከል ባዕድ ነገር ተገኝቷል። ተጣርቶ ይገለጽልን።» ባዕዱ ነገር በፕላስተር ከማስታወሻው ላይ ተለጥፏል።

አንድ ሽፋሽፍት ነው። ከነሥሩ።

እናትዓለም በሩን ዘግታ መደርደሪያውን ፈተሸች። ከጥር ወዲህ የነካቻቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ ገልጣ አራገፈቻቸው። አንዱ ውስጥ ሁለት፣ አንዱ ውስጥ አንድ። በመጨረሻ አንድ ፋይል ቀረ፤ የራሷ የግል ማኅደር። እዚያ ውስጥ ሠራተኛ ሁሉ በየዓመቱ የሚያድሰው የቤተሰብ ሁኔታ ቅጽ አለ። የመላውን ኮሌጅ ሠራተኛ አስጨንቃ ያስሞላችው እሷ ናት። በእሷ ቅጽ ላይ ግን «የእናት ስም» ከሚለው ጎን «በሕይወት አሉ / የሉም» የሚለው አልተሞላም። ስንት ጊዜ አውጥታ ፊቷ አስቀምጣ ስንት ጊዜ እንደመለሰችው አታስታውስም። ወረቀቱን ስታነሣ ከእጥፋቱ ውስጥ ሽፋሽፍት ተንጠባጠበ። አሥራ ዘጠኝ ነበር።

«ፀደንያ» ብላ ጠራቻት። «እኔ ዓይኔን እነካለሁ እንዴ?»

ፀደንያ መተየብ አቆመች። «እትዬ… እኛ እኮ የምታውቂው መስሎን ነው።»

«ማን እናንተ?»

«ሁላችንም። ተላላኪዎቹም፣ የሒሳቡ ሰውዬም። ያን ጊዜ ከጠየቅሁሽ ወዲህ ልብ ብለን ስናይ፣ ስታነቢ ትነቅያለሽ። የኀዘን ወግ ይሆናል፣ ከገጠር ያመጣችው ይሆናል ብለን ዝም አልን።»

«እንዴት አድርጌ?»

ፀደንያ አፍራ አሳየቻት። አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ገጥማ ወደ ግራ ዓይኗ ወሰደች፤ አንዱን የያዘች አስመስላ ሳብ አደረገች፤ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ ሥሩን አየች፤ ከዚያ በግራ እጇ ጀርባ ላይ አስቀመጠችው። «ከዚያ ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል» አለች። «እንደ መቁጠር።»

እናትዓለም ያንን እጅ አወቀችው። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ እስከገባችበት ቀን ድረስ፣ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት፣ ቆላ ድባ ካለው ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የእናቷን ራስ ጭኗ ላይ ታሳርፍ ነበር። የእማሆይ የግራ ዓይን ፀጉር ወደ ውስጥ ይበቅላል። ከአንገታቸው የማይለየውን ወረንጦ አውልቀው ይሰጧታል፤ «ያንቺ እጅ ቀላል ነው» ይላሉ። ትነቅላለች፤ ሥሩ መውጣቱን በብርሃን ታያለች፤ በእጇ ጀርባ ላይ ትደረድራለች። እማሆይ ዓይናቸውን ጨፍነው «ስንት ሆነ?» ይጠይቃሉ። መጀመሪያ የያዘችው መዝገብ ያ ነበር። እሷ ለትምህርት ከሄደች በኋላ ማን እንደነቀለላቸው ጠይቃ አታውቅም። የግራ ዓይናቸው ብርሃን የጠፋው እሷ በተመረቀች ዓመት ነው።

ደብተሯን ገለጠች። «ምክንያት» ከሚለው ፊት «ታውቋል» ብላ ጻፈች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

የሙት ዓመቱ ዋዜማ ቆላ ድባ ገባች። እንዴት እንደምትነግረው ከባሕር ዳር እስከ አዘዞ ስታዘጋጅ፣ ከአዘዞ ወዲህ ስታስተካክል መጣች፦ አንዳርጋቸውን ለብቻው ገለል ታደርጋለች፣ ቀስ ብላ ከሐኪሙ ቃል ትጀምራለች። ጥር ነው፤ የእህል ወቅት ነው። ወንድሟ ደጃፍ ከባጃጅ ስትወርድ ከእህል ተራው የተነሣ ነፋስ አንድ እፍኝ የጤፍ እብቅ ተሸክሞ መጣና ፊቷ ላይ በተነው። አጥር የሌላቸው ሁለት ዓይኖች ሞሉ። እንባዋ በጉንጯ ወረደ፣ በአገጯ ተንጠባጠበ፣ ነጠላዋን አራሰ።

«መጣላት!» አለች ከደጅ ሽንኩርት ትልጥ የነበረች አክስት።

ዘመድ ሁሉ ብድግ አለ። አንዳርጋቸው እጁን ዘርግቶ እየሮጠ መጣ። «እዩ! እዩልኝ እህቴን! ሰው አለቀሰች አላለቀሰች ሲል ነበር፤ እዩ!»

«አቧራ ነው» አለች።

«አቧራ ነው ትላለች!» ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት። «ወንድምዓለም፣ ስማኝ። አላለቀስሁም። ያን ጊዜም አላለቀስሁ፣ ከዚያም ወዲህ አላለቀስሁ፣ አሁንም እያለቀስሁ አይደለም። ይኸ እብቅ ነው። ሽፋሽፍት ስለሌለኝ ነው የገባው። ሽፋሽፍቱንም እንባ አልበላውም። ራሴ ነኝ የነቀልሁት፣ በእጄ፣ ሳላውቀው። ባለፈው ልነግርህ ሲገባ እሺ ብዬ ዋሸሁህ።»

«ኧረ ዝም ብትል ምናለ!» አለች አክስት፣ ከልቧ አዝና።

የአንዳርጋቸው ክንዶች እንደ ቀብሩ ቀን ወረዱ። «ራስሽ?»

«ራሴ።»

ዞሮ ከቤቱ ጎን ወዳለው የእህል መጋዘኑ ገባ።

እናትዓለም ከሽንኩርት ላጮቹ መሐል አንዲት ዱካ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ አሁንም ይፈስሳል፤ የሁሉም ይፈስሳል፤ አሁን ግን የእሷን የሚያይ የለም። ሁለት ሰዓት ያህል እንዲያ ቆየች። የተላጠውን ስትቆጥር ራሷን ያዘችና እጇን ጭኗ ሥር አስገባች።

ፀሐይ ወደ ጣና ዘቅዘቅ ስትል አንዳርጋቸው ከመጋዘኑ ወጣ። ፊቱን ቋጥሯል፤ አንድ ዓይኑ ቀልቷል። ከፊቷ ቆመ።

«እንዴት አድርገሽ ነው የምትነቅዪው? አሳዪኝ።»

አሳየችው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፤ ወደ ብርሃን፤ በግራ እጅ ጀርባ ላይ።

የእጇን ጀርባ አየ። ከዚያ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠ። «አንቺ ከሄድሽ በኋላ እኔ ነበርሁ የምነቅልላት» አለ። «አልወደደችውም። ‹አንተ ሽምብራ ነው የምትነቅለው› ትለኝ ነበር። ደም አወጣሁባት። ኋላ አትንካኝ ብላ ተወችው።»



አንዳርጋቸው ከደረት ኪሱ በክር የታሠረ ወረንጦ አወጣ። ክሩ የእማሆይ የአንገታቸው ነው። «እኔንም ጀምሮኛል። የቀኙን። በመስታወት አልሆንልህ አለኝ።»

ቆቡን በጣቷ ቀና አድርጋ አየች። «ይኸ ቀዶ ጥገና ነው የሚፈልገው። ባሕር ዳር ትመጣለህ።»

«እመጣለሁ።»

«መቼ?»

«እመጣለሁ አልሁሽ እኮ!»

«ቀኑን ንገረኝ።»

«አይ አንቺ!» ከእህቱ ጋር ሰባት ወር ተኳርፎ ይኸን ጠባይዋን ረስቶት ነበር። «ከተዝካሩ በኋላ፣ ሰኞ። ጻፊው እንግዲህ!»

ጻፈችው።

«እስከዚያው ግን ፈጅቶኛል» አለና የስድሳ ዓመቱ ነጋዴ በደጃፉ ምድር ላይ ተጋድሞ ራሱን ጭኗ ላይ ጣለ። ዘመድ ሁሉ አየ። እናትዓለም ፊቱን ወደ ብርሃኑ አዞረች። የመጀመሪያውን ያዘች፣ ሳበች፣ ከፍ አድርጋ ሥሩን አየች፣ በእጇ ጀርባ ላይ አስቀመጠችው።

አንዳርጋቸው ዓይኑን ጨፍኖ «ስንት ሆነ?» አለ።

አንድ ልትል አፏን ከፈተች። አልወጣም። እንደገና ሞከረች። ግንባሩ ላይ አንድ ጠብታ ወደቀ፣ ቀጥሎ ሌላ።

ከሽንኩርቱ ወገን አክስት አንገቷን አሰገገች። አንዳርጋቸው ዓይኑን ሳይገልጥ «እብቅ ነው» አላት ጮክ ብሎ። «ሥራሽን ሥሪ!»

በደብተሯ ላይ የዚያ ቀን ገጽ ባዶ ነው።

በማግስቱ ፍትሐቱ አልቆ ሰው ድንኳኑ ውስጥ ሲቀመጥ አንድ ሽማግሌ ለምርቃት ተነሡ። እናትዓለም በሁለት እጇ ሰፊ ትሪ ይዛ ከኋላ ቆማ ነበር። ሽማግሌው እማሆይን አነሡ፣ ጾማቸውን አነሡ፣ «ዘጠና ዓመት በዚህ ምድር ሲመላለሱ» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ ሰው ሁሉ ዞሮ ወደ እሷ አየ። ትሪዋን እንደያዘች ከንፈሯን ነከሰች።

«ሰማንያ አንድ ነው፣ አባቴ» አለ አንዳርጋቸው ከወዲያ በኩል።

«እ?»

«ሰማንያ አንድ። እህቴ አስልታዋለች።»

ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። «ኧረ ልጄ፣ ካለፉ በኋላ ምን ልዩነት አለው?»

«ዘጠኝ ዓመት» አላቸው አንዳርጋቸው።